እናቴን ለቅዳሜና እሁድ ይዤ ልውጣ፦ ሀዋሳ ወይስ ቢሾፍቱ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጀሞ ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ ቤት በቀር የትም አትሄድም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜና እሁድ ሀዋሳ ልወስዳት አስቤ ነበር፤ ጓደኞቼ ቢሾፍቱ ይሻልሻል ይሉኛል። ስኳርና ግፊት አለባት፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ ደረጃ ሲሆን ቀኝ ጉልበቷን ያማታል። መኪና የለኝም። ከነገርኳት «ገንዘብሽን አታባክኚ» ብላ እንደምትቀር ስለማውቅ ሳልነግራት በድንገት ይዣት ልወጣ ነው። ወንድሜም ሁለት ልጆቹን ይዤ ልምጣ ብሏል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
የእማ ልጅ፣ ከጀሞ

መልስ፦ ቢሾፍቱ ይሁን። ሀዋሳ ምንም አላጠፋም፤ ለሁለት ቀን ግን ሩቅ ነው። 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በመኪና አምስት ሰዓት ያዢለት፣ ደርሶ መልስ አሥር። የታመመ ጉልበት አምስት ሰዓት ታጥፎ ከቆየ በኋላ ሲዘረጋ ምን እንደሚመስል እናትሽን ጠይቂያቸው። ቅዳሜን መንገድ ይበላዋል፣ እሁድ ደግሞ ከቁርስ በኋላ ሻንጣ መቋጠር ነው። ቢሾፍቱ ከመሃል አዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጠዋት ቁርሳቸውን ቤታቸው በልተው፣ ምሳቸውን ሀይቅ እያዩ ይበላሉ።

ሀዋሳን ሦስት ቀን ስታገኚ አቆይው፤ ያኔም ብር ካለሽ በአውሮፕላን ሂዱ፣ በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። በአውሮፕላን ከሆነ ኢንሱሊኑ በእጅ ቦርሳ ይያዝ እንጂ ከሻንጣ ጋር ወደ ዕቃ ክፍል አይግባ፤ እዚያ ሊቀዘቅዝም፣ ሻንጣው ከጠፋ አብሮ ሊጠፋም ይችላል። የሀዋሳው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ስትሄዱ የዓሣውን ሾርባና ጥብስ እንዳሻቸው፤ ጥሬውን በአዋዜ ግን በዚህ ዕድሜና በስኳር ሕመም አንመክርም። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ደግሞ የሀዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ለዚያ ካልሄዳችሁ በቀር በዚያ ሰሞን አልጋ ፍለጋ አትንከራተቱ።

አሁን ወደ «በድንገት» ሐሳብሽ እንምጣ፤ ይቅርብሽ። በእናትሽ ዕድሜ ያለች ሴት ቅዳሜና እሁድ ባዶ አይደለም። ማኅበር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ የዕድር ስብሰባ አለ፣ ሐዘን ላይ ያለች ጎረቤት አለች። ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ መኪና አቁመሽ «ተነሺ» ብትያቸው ቢመጡ እንኳ ሐሳባቸው እዚያው ይቀራል። ደግሞም መድኃኒት የሚወስድ ሰው መዘጋጃ ጊዜ ያስፈልገዋል። ሁለት ሳምንት አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ስትነግሪያቸው ግን «ትሄጃለሽ ወይ?» አትበይ፤ መልሱን አንቺው ጽፈሽልናል። «ቢሾፍቱ ልንሄድ ነው፤ የትኛው ቅዳሜ ማኅበር የለሽም?» በያቸው። እሳቸው ደብረ ዘይት ነው የሚሉት፣ አታርሚያቸው። ከዚያ ወሬው ስለ መሄድና መቅረት መሆኑ ቀርቶ ስለ ቀኑና ቤቱን ማን ይጠብቅ ስለሚለው ይሆናል። ለቤቱ ጠባቂ እስኪገኝ እሺ አይሉም፤ ጎረቤት ቀድመሽ አነጋግሪ።

ወንድምሽ በዚህኛው ዙር አይምጣ። ልጆቹ ካሉ እናትሽ አያት ሆነው ነው የሚውሉት፤ ጫማ ያስራሉ፣ አፍንጫ ይጠርጋሉ፣ «ውሃው ዳር አትሂዱ» እያሉ ሲጮኹ ይመሻል። እሱ ቅር እንዳይለው ሥራ ስጪው፦ እሁድ ማታ ስትመለሱ እራት ይዞ ቤት ይጠብቃችሁ። ልጆቹም አያታቸውን ያገኛሉ፣ እናትሽም የሚያወሩት አዲስ ነገር ይኖራቸዋል።

የከበደው ሥራ ሆቴል መምረጡ ነው። ስለ ቢሾፍቱ ሀይቆች አንድ ነገር እወቂ፤ አብዛኞቹ እሳተ ገሞራ የተዋቸው ጉድጓዶች ናቸው። የቢሾፍቱ ሀይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፣ ዳሩም ገደል ነው። ስለዚህ «ሀይቅ ዳር» የሚባሉት ብዙዎቹ ሆቴሎች ከላይ ጠርዙ ላይ ተሠርተው ክፍሎቻቸው ቁልቁል በደረጃ ይወርዳሉ። ባቦጋያ የሚባለው ሀይቅም ላይ እንዲሁ ነው። ፎቶው ላይ የሚያምረው ያ ደረጃ ነው እንግዲህ የእናትሽን ቅዳሜ የሚያበላሸው። መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል፤ ሲወርዱ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው የታጠፈው ጉልበት ነው። የሚያም ጉልበት ያለው ሰው ደረጃ ሲወጣ በጤነኛው እግር ይጀምራል፣ ሲወርድ በሚያመው። እናትሽ ይህን ካላወቁ ቤት ውስጥ አለማምጃቸው።

ስለዚህ ወደ ሆቴሉ ስትደውዪ «ምድር ቤት ክፍል አላችሁ?» ብቻ አትበይ፤ ምድር ቤቱም ከመኪና ማቆሚያው ሠላሳ ደረጃ ወደ ታች ሊሆን ይችላል። ከመኪናው እስከ ክፍሉ ስንት ደረጃ፣ ከክፍሉ እስከ ምግብ አዳራሹ ስንት ደረጃ ብለሽ ቁጥር አስነግሪያቸው። እንግዳ ተቀባይዋ «ብዙም አይደለም» ካለችሽ ሄዳ ትቁጠርልሽ፣ ቆይተሽ መልሰሽ ደውዪ። ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል ያዢ፤ ለየብቻ አይሁን፣ ሌሊት ስኳራቸው ቢወርድ ማን ያያቸዋል? ሽንት ቤቱ መቀመጫ ያለው፣ መታጠቢያው ገንዳ የሌለው ይሁን፤ ጉልበት ያመመው ሰው የገንዳን ጠርዝ ለመሻገር በአንድ እግሩ እርጥብ ነገር ላይ መቆም አለበት።

ሌላው ጥያቄ ሠርግ ነው። ከፋሲካ በኋላ፣ በተለይ ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ፣ የቢሾፍቱ ሆቴሎች ቅዳሜ በሠርግ ይጨናነቃሉ። «በዚያ ቅዳሜ ሠርግ አላችሁ? ድምፅ ማጉያው ከክፍላችን ምን ያህል ይርቃል?» ብለሽ ጠይቂ። ካለ ወደሚቀጥለው ሳምንት አሸጋግሪው ወይም ሌላ ሆቴል ፈልጊ። ጉዞው ከክረምት ወዲያ ቢገፋ ደግሞ ከመስቀል በኋላ ያለውን የኢሬቻ ሰሞን ዝለይው፤ በዓሉ የሚከበረው እዚያው ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ ሀይቅ ዳር ስለሆነ መንገዱም አልጋውም ይሞላል።

ዋጋውን ስትጠይቂ የነገሩሽ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያው የተካተተበት መሆኑን አረጋግጪ። 4,000 ብር ያሉሽ ክፍል 10 በመቶ አገልግሎትና በዚያ ላይ ታክሱ ሲታከልበት 5,060 ብር ይሆናል። ይህን ደረሰኝ ላይ እናትሽ ፊት ማወቅ አያስፈልግም። እሁድ ክፍሉን እስከ ስንት ሰዓት ማቆየት እንደምትችሉም አሁኑኑ ተነጋገሪ፤ ከቅዳሴ መልስ ጋደም ማለት ይፈልጋሉ።

መኪናውን በኮንትራት ያዢው፤ ወጪው ከሚኒባስ የበዛ ቢሆንም ከወረፋውና ከግፊያው ያድናቸዋል። ዋጋው ቅዳሜ ከቤት ሆቴል ማድረሻ፣ እሁድ 8 ሰዓት መመለሻ፣ የፍጥነት መንገዱን ክፍያ ጨምሮ ተብሎ ይቆረጥ። ሙሉውን አስቀድመሽ አትክፈዪ፤ ግማሹ እሁድ ማታ ቤት ስትደርሱ ነው። አሮጌው የዱከም መንገድ ከባድ መኪናና መቆራረጥ ይበዛበታል፣ ከቱሉ ዲምቱ በሚነሳው የፍጥነት መንገድ ሂዱ። እናትሽ ጋቢና ይቀመጡ፣ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይገፋ። ሲገቡ መጀመሪያ ጀርባቸውን ለወንበሩ ሰጥተው ቁጭ ይበሉ፣ ከዚያ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ያዙሩ። ወንበሩ ጨርቅ ከሆነ አንድ ፌስታል አንጥፊበት፤ መዞሩ ይቀላል። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ግን ፌስታሉን አውጪው፣ ፍሬን ሲያዝ ያንሸራትታል።

የግፊት መድኃኒታቸው ሽንት የሚያበዛ ዓይነት ከሆነ በጉዞው ቀን ሳይናገሩ ይተዉት ይሆናል፤ ወይም ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። ብዙ እናቶች የሚያደርጉት ነው፣ መንገድ ላይ «ሽንት ቤት» ማለት ስለሚያሳፍራቸው። በፍጥነት መንገዱ ላይ እንዳሻሽ አይቆምም። ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያን ቀን ክኒኑን ከደረሱ በኋላ መውሰድ ይችሉ እንደሆነ ጠይቂ።

እዚያው ሐኪም ቤት ሳለሽ ስለ ኢንሱሊኑም አንስተሽ ተመለሺ። ለሁለት ቀን አራት መርፌ ከበቃ ስምንት ያዢ። መለኪያው ከነስትሪፑ፣ ከኢንሱሊኑ ጋር በአንድ ቦርሳ፣ ቦርሳው አንቺ ጋ እንጂ መኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አይሁን። የተከፈተ ጠርሙስ ሙቀት እስካልበዛበት ድረስ አራት ሳምንት ገደማ ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል፤ ስለዚህ ለሁለት ቀን በረዶ ፍለጋ አትሩጪ። ፔርሙስ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀሽ፣ ውሃውን ደፍተሽ፣ ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልለሽ ክተቺው። የሆቴሉን ትንሽ ፍሪጅ አትመኚው። አንዳንዱ ከበረዶ ቤቱ አጠገብ ያለውን ሁሉ ያረጋል፣ አንዳንዱ ደግሞ የክፍሉ ካርድ ሲነቀል አብሮ ይጠፋል። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ነጭ ቅንጣት ከተለጠፈ ወይም ካንከባለሉት በኋላም የረጋ ነገር ከታየበት ይጣል።

አሁን ደግሞ ማንም ከማይጠረጥረው ቦታ የሚመጣውን አደጋ እንንገርሽ፤ የምግብ ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ነው። እናትሽ ማታ ክፍላቸው ውስጥ ኢንሱሊናቸውን ይወጋሉ። ምግብ አዳራሽ ትገባላችሁ። አስተናጋጁ ዝርዝሩን በእጃቸው ይሰጣል። መነጽራቸውን ያወጣሉ፣ በጣታቸው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ዝርዝሩን አጥፈው ያስቀምጡታል፤ «እኔ አላሰኘኝም፣ ሻይ ብቻ ይበቃኛል፤ ያለ ስኳር»። መድኃኒቱ ግን ሰውነታቸው ውስጥ ገብቷል፣ ዋጋ አያይም። ከዚያ በኋላ ካላባቸውና እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከደጋገሙ ወይም ያለ ምክንያት ከተቆጡ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲሉ አንቺ ወደ ምግብ ቤቱ ሂጂና ለእራት የሚሆነውን አዝዘሽ፣ ለስንት ሰዓት እንደሆነም ተናግረሽ ተመለሺ። ዝርዝሩ ለአንቺ ብቻ እንዲሰጥ አስተናጋጁን አስቀድመሽ ንገሪው፤ ይገባዋል፣ የመጀመሪያሽ አይደለሽም። መርፌው ደግሞ ምግቡ በተቃረበበት ሰዓት ይሁን። ቅዳሜ ማታ ወጥ ቤት በሠርግ ሲጣበብ «አሁን ይመጣል» የተባለው እራት አንድ ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ከተወጉ በኋላ ምግብ ከዘገየ ያመጡትን ዳቦ ይቁረሱ፤ ዳቦና ቆሎ ይዘው እንደሚመጡ እርግጠኞች ነን፣ «ሆቴል እየሄድን» ብለሽ እንዳታስቀሪያቸው።

ስኳራቸው ከ70 በታች ከወረደ ሦስት ሙሉ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ (ዳይት ያልሆነውን)። ቸኮሌት አይሆንም፣ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪ፤ ካልወጣ ድገሚ፣ ከወጣ እንጀራ ወይም ዳቦ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አታድርጊ፣ ወደ ሆስፒታል ነው። የሾፌሩን ስልክና የቅርቡን ሆስፒታል ቦታ ቅዳሜ እንደደረስሽ ያዢ። በሌላው ጫፍ ደግሞ የጠዋቱ ቡፌ አለ፤ ጭማቂው፣ ማሩ፣ ኬኩ። ፉል ወይም እንቁላል በዳቦ ይበቃል። ስፕሪሱን አንቺ ጠጪላቸው።

እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ይላሉ፤ ሆቴሉም የቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሚቀርብና በባጃጅ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይነግርሻል። አደጋው እንደ ቤታቸው ልማድ ሌሊት ተነስተው፣ ተወግተው፣ ሳይበሉ መሄዳቸው ነው። ሳይበሉ የሚያስቀድሱ ከሆነ መርፌው ከቅዳሴ መልስ ከቁርስ ጋር ይሁን፤ መጠኑን ግን ሐኪማቸው ይናገር፣ አንቺ አትቀንሺ። ሊቆርቡ ካሰቡ ጾሙ ስለሚረዝም ነገሩን ሐኪሙም ንስሐ አባታቸውም አስቀድመው ይወቁት። ጫማ ስለሚወልቅ ወፍራም ካልሲ ያዢላቸው። ስኳር ያለበት እግር ጠጠር ሲወጋው ላይሰማው ይችላል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። በዚሁ አጋጣሚ፦ ለጉዞው አዲስ ጫማ እንዳትገዢላቸው። ስጦታ መስጠት ካማረሽ ነጠላ ግዢ። መዋኛው ዳር ያለው በፀሐይ የጋለ ንጣፍ ላይም በባዶ እግር አይሂዱ፣ የሆቴሉ የእንፋሎት ክፍልም ለግፊት ታማሚ አይሆንም።

«እዚህ ድረስ መጥተን ዝቋላ አቦ ሳንሳለም?» ሊሉሽ ይችላሉ። ተራራው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፣ መንገዱ ለጉልበታቸው አይሆንም፣ የአካባቢው ፀጥታም ሳይጣራ የሚኬድበት አይደለም። ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ታዲያ ምን እናድርግ ካልሽ፣ ጥቂት። አምስት ሀይቅ በአንድ ቀን የሚያዞሩ አሉ፤ እናትሽ መኪና ውስጥ ሲገቡና ሲወርዱ ነው የሚውሉት። ቅዳሜ 3 ሰዓት ተነሱ፣ ምሳ ብሉ፣ እስከ 9 ሰዓት ጋደም ይበሉ። ከዚያ ከላይ ጠርዙ ላይ፣ ድጋፍ ያለው ወንበር ላይ፣ ቡና እየጠጣችሁ ሀይቁን እዩ። ዝቅ ያለ ለስላሳ ሶፋ ላይ አታስቀምጫቸው፣ መነሳቱ ለጉልበት ከባድ ነው። ጀልባም ይቅር፤ ከወደቡ ወደ ጀልባው የምትረገጠው እርምጃ ናት ሰው የምትጥለው። መሬት ለመሬት መሄድ ካማራቸው ጨለለቃ ሜዳ ላይ የተኛ ጥልቀት የሌለው ሀይቅ ነው፣ ውሃ ሲኖረው ወፍ ይበዛበታል፣ አመሻሹ ላይ ጥሩ ነው። ሻል ያለ ነጠላ ይደርቡ፣ ከሀይቁ ነፋስ ይነሳል።

ስልክሽን ክፍል ተዪው። አባትሽን ያነሱ ይሆናል፤ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ሥራና እንግዳ ስላለ ያልተወራ ነገር ሥራ የሌለበት ቦታ ሲገኝ ይመጣል። ካለቀሱ «ለመዝናናት አምጥቼሽ» አትበያቸው። አጠገባቸው ተቀመጪ።

ሌሊት የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አብርተሽ በሩን ገርበብ አድርጊው፤ በማያውቁት ክፍል ጨለማ ውስጥ ነው ሰው የሚወድቀው። የማይንሸራተተው የቤት ነጠላ ጫማቸው አልጋቸው ሥር ይሁን። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ሞቅ ስለምትል ቢምቢ አለ፤ አጎበር ከሌለ ጠይቂ፣ በተከታዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ከያዛቸው ቢሾፍቱ እንደነበሩ ለሐኪሙ ይነገር።

እሁድ ከ8 ሰዓት አትለፉ፤ ከዚያ በኋላ ቱሉ ዲምቱና ቃሊቲ ላይ ከየአቅጣጫው የሚመለሰው መኪና ሁሉ ይጠብቃችኋል፣ የማታው መርፌና እራትም ይዛባል። ሂሳቡን ቅዳሜ ማታ እሳቸው ከተኙ በኋላ ዝጊው። ቤት ስትደርሱ ስኳራቸውን ለኪ፣ እግራቸውን በብርሃን እዪ፣ በጣቶቹ መካከል ጭምር። ደረሰኙን ደግሞ ከቦርሳሽ አውጥተሽ ጣዪው፤ ሰኞ ጠዋት ቦርሳሽን አራግፈው የሚያጸዱት እሳቸው ናቸው።